ከኩባ የተባረሩት የሳን ዶማንግ ክሪዮሎች በኒው ኦርሊንስ፦ የ1809–1810 ስደት የጉዳይ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

እ.ኤ.አ. ከሜይ 1809 እስከ ጃንዋሪ 1810 ድረስ ከኩባ የተነሡ 9,059 ሰዎች በመርከብ ኒው ኦርሊንስ መግባታቸውን የከተማዋ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት መዝግቧል። በ1805 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ በጠቅላላው 8,475 ነበር። ስለዚህ ከተማዋ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ከአራት ዓመት በፊት ከነበራት ሕዝብ የሚበልጥ ስደተኛ ተቀብላለች ማለት ነው። የመጡት ሰዎች ኩባን የረገጡት በስደት ነበር። ዛሬ ሄይቲ ከምትባለው፣ በዚያን ጊዜ ሳን ዶማንግ ትባል ከነበረችው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በጦርነት ምክንያት ወጥተው፣ ኩባ ላይ እንደገና ኑሮ ከመሠረቱ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ የተባረሩ ናቸው። አብዛኞቹ ክሪዮሎች፣ ማለትም በቅኝ ግዛቱ ተወልደው በቅኝ ግዛቱ ቋንቋና ልማድ ያደጉ ነጮች፣ ክልሶችና ጥቁሮች ሲሆኑ፣ አፍሪካ ተወልደው በባርነት የተሸጡም በመካከላቸው ነበሩ።

እነዚህ ስደተኞች የሉዊዚያናን ባህል እንደ ቀረጹ በብዙ ቦታ ይነገራል፤ በምን መንገድ እንደ ቀረጹት ግን እምብዛም አይብራራም። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስደተኞቹ አንድ ማኅበረሰብ እንዳልነበሩ፣ ሦስት የተለያየ ሕጋዊ ደረጃ የነበራቸው ወገኖች እንደ ነበሩ፣ ያመጡት ነገር ዕጣ ፈንታም በዚሁ ልዩነት እንደ ተወሰነ ነው። ተራ ሰዎችን በስማቸው አልጠቀስኩም፤ በሹመትና በሕዝብ ሥራ የታወቁትን ግን በስማቸው ጠርቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዳራ፦ ከሳን ዶማንግ እስከ ኩባ

በ1789 ሳን ዶማንግ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በባርነት ተይዞ ነበር። ነጮቹ 30,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ነጻ የነበሩት ጥቁሮችና ክልሶች ቁጥር ከዚያ ብዙም አያንስም። ለአውሮፓ ገበያ የሚቀርበው ስኳር 40 በመቶ ያህሉ፣ ቡናውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚያች ትንሽ ግዛት ይወጣ ነበር። በኦገስት 1791 በሰሜኑ ሜዳ የሸንኮራ እርሻዎች ላይ የተነሣው የባሮች አመፅ ወደ አብዮት አደገ። በጁን 1793 ዋናዋ የወደብ ከተማ ካፕ ፍራንሴ ተቃጠለች፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ተወካዮች በግዛቱ ባርነት መቅረቱን አወጁ፤ የፓሪሱ ምክር ቤትም በፌብሩዋሪ 4፣ 1794 ለፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ሁሉ አጸደቀው። ይህ ቀን ወደ ኋላ ለምንመለስበት ጉዳይ ወሳኝ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳን ዶማንግ የነበረ ማንም ሰው በሕግ ባሪያ አልነበረምና።

ናፖሊዮን በ1802 ግዛቱን መልሶ ለመያዝ የላከው ጦር በኖቬምበር 1803 ተሸነፈ፤ በጃንዋሪ 1፣ 1804 ሄይቲ ነጻነቷን አወጀች። በመጨረሻዎቹ ወራት ያመለጡት ሰዎች ትልቁ ክፍል ባሕሩን ተሻግሮ ቅርብ ወደ ሆነችው ሳንቲያጎ ደ ኩባ ገባ። በሴራ ማኤስትራ ተራሮች ላይ ደን መንጥረው ቡና ተከሉ፤ የውኃ ቦይ፣ የቡና ማስጫ አውድማና ባለ ግንብ ቤት ሠሩ። የእነዚህ እርሻዎች ፍርስራሽ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በእርሻዎቹ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ያቆዩት ቱምባ ፍራንሴሳ የሚባለው የከበሮና የጭፈራ ሥርዓትም በ2003 በዚሁ ድርጅት ዕውቅና አግኝቷል። ጌታው ያመጣው ግንብ ፈርሶ የቀረ ሲሆን፣ ባሪያ ተብሎ የመጣው ሰው ከበሮ ግን ዛሬም ይመታል። የኩባው ቆይታ ከኒው ኦርሊንሱ ጉዳይ በፊት የተደረገ ሙከራ ያህል ስለሆነ መታወስ አለበት።

በ1808 ናፖሊዮን ስፔንን ወርሮ ወንድሙን በዙፋኗ ላይ ሲያስቀምጥ ስፔንና ፈረንሳይ ጠላቶች ሆኑ። ኩባ የስፔን ግዛት ነበረችና በኤፕሪል 1809 ፈረንሳውያን ከደሴቲቱ እንዲወጡ ታዘዘ። ስድስት ዓመት የለፉበትን ቡና በወጉ ሳይሸጡ፣ መርከብ ያገኙት ሁሉ ፈረንሳይኛ ወደሚነገርባት፣ ካቶሊክ ወደሆነችውና ቅርብ ወደነበረችው ከተማ አመሩ።

ችግሩ

ኒው ኦርሊንስ በ1803 ከፈረንሳይ ለአሜሪካ የተሸጠችው የሉዊዚያና ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ገዥው ዊልያም ክሌቦርን የቨርጂኒያ ተወላጅ ሲሆን ሹመቱን ሲረከብ ፈረንሳይኛ አያውቅም ነበር፤ የሚያስተዳድረው ሕዝብ ደግሞ በአብዛኛው እንግሊዝኛ የማይሰማ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ፍላጎት ግዛቲቱ ቀስ በቀስ በቋንቋም በሕግም ወደ ሌሎቹ ግዛቶች እንድትቀርብ ነበር። በዚህ መካከል ዘጠኝ ሺህ ፈረንሳይኛና ክሪዮል ተናጋሪ መጨመሩ ሚዛኑን ወደ ኋላ መመለሱ የማይቀር ነበር፤ ገዥውም ይህን ተረድቶታል።

ከዚህ የባሰው የሕጉ ጉዳይ ነበር። ከጃንዋሪ 1፣ 1808 ጀምሮ ከውጭ አገር ባሪያ ወደ አሜሪካ ማስገባት በፌዴራል ሕግ የተከለከለና መርከብን ጭምር የሚያስወርስ ወንጀል ሆኗል። የግዛቲቱ ምክር ቤት በበኩሉ የሄይቲን አብዮት ፈርቶ በ1806 እና በ1807 ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች ከውጭ እንዳይገቡ የሚያግዱ ሕጎች አውጥቶ ነበር።

የከንቲባው መዝገብ የስደተኞቹን አሰላለፍ እንዲህ ያሳያል። ነጮች 2,731፣ ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች 3,102፣ በባርነት የተመዘገቡ 3,226። እንግዲህ ከመጡት ሰዎች ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጠው ጥቁር ወይም ክልስ ነበር። ከነጮቹ መካከል ወንዶች 1,373፣ ሴቶች 703 ነበሩ። ከነጻ ጥቁሮችና ክልሶች መካከል ግን ወንዶቹ 428 ብቻ ሲሆኑ ሴቶቹ 1,377፣ ልጆቹም 1,297 ነበሩ። የባህልን መተላለፍ ለሚያጠና ሰው ከመዝገቡ ሁሉ ይህ ቁጥር ዋነኛው ይመስለኛል። ስለ ሳን ዶማንግ ስደተኞች በሚጻፈው ሁሉ ፊት ለፊት የሚቆሙት ባለርስቱ፣ ጠበቃውና የቴአትር ባለቤቱ ናቸው፤ በመርከቡ ላይ ግን ከእነርሱ ይልቅ ልጅ የያዙ እናቶች ይበዙ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መርከቦቹ ሚሲሲፒ ወንዝን ሽቅብ ከመውጣታቸው በፊት በፕላክሚን ምሽግ እንዲቆሙ ተደረገ። በባርነት የተመዘገቡት ሰዎች ከመርከብ እንዳይወርዱ ወይም በመንግሥት ጥበቃ ሥር እንዲቆዩ ሲታዘዝ፣ ገዥው መመሪያ ለመጠየቅ ለዋሽንግተን ጻፈ። በከተማዋ ውስጥ ነዋሪዎች የእርዳታ ኮሚቴ አቋቁመው ገንዘብ፣ ምግብና ማደሪያ አሰባሰቡ። ብዙ ነዋሪዎች ቀደም ባሉት ዓመታት ከዚያው ከሳን ዶማንግ የመጡ ወይም ዘመድ ያላቸው ስለነበሩ፣ ልመናው የተደረገው ለባዳ አልነበረም።

የአሜሪካ ምክር ቤት በጁን 28፣ 1809 ባወጣው ሕግ፣ ከኩባ በግድ የተባረሩት ሰዎች ይዘዋቸው የመጡትን ባሮች በተመለከተ የ1808ቱ ሕግ ቅጣት እንዲነሣላቸው ፈቀደ። ሕጉ በተወካዮቹ ዓይን የርኅራኄ ሥራ ነበር፤ ጌቶቹ ንብረታቸው ሳይወረስ መሬት እንዲረግጡ አስችሏልና። ለ3,226ቱ ሰዎች ግን ፍርድ ነበር። ብዙዎቹ በ1794 በሕግ ነጻ የወጡ ሰዎች ወይም ልጆቻቸው ነበሩ፤ አንዳቸውም ሳይጠየቁ፣ ማስረጃ ሳይመረመር፣ ይዟቸው የመጣው ሰው በሰጠው ቃል ብቻ ባሪያ ተብለው ተመዘገቡ።

ነጻ ጥቁሮችና ክልሶችን በተመለከተ ገዥው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ወንዶች ግዛቱን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ፤ ኩባ ላሉ የአሜሪካ ቆንስሎችም ሌሎች እንዳይመጡ እንዲያግዱ ጻፈ። ትእዛዙ በወረቀት ላይ ጥብቅ ነበር፤ በተግባር ግን አብዛኞቹ ቀሩ። ከተማዋ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊና ጫማ ሠሪ ያስፈልጋት ነበር፤ እነዚህን ሙያዎች የያዙት እነርሱ ነበሩ። የ1810 ቆጠራ የከተማዋን ሕዝብ 17,242 ሲያደርስ፣ ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች በ1805 ከነበሩበት 1,566 ወደ 4,950 ከፍ ብለው ተገኙ።

በቅርብ ሲታይ፦ የአንዲት እናትና የልጇ መንገድ

ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከሴኔጋምቢያ አካባቢ፣ ተወስዳ በደቡብ ሳን ዶማንግ ዤሬሚ በተባለች ከተማ አጠገብ በባርነት የኖረች አንዲት ሴት ነበረች። የ1794ቱ ሕግ ነጻ አውጥቷታል። ከአንድ ፈረንሳዊ ሰፋሪ ጋር ስትኖር ልጆች ወልዳለች። በ1803 የፈረንሳይ ጦር ሊሸነፍ ሲቃረብና ሁሉም ወደ ኩባ ሊሻገር ሲዘጋጅ፣ ሰውየው የሴቲቱንና የአራት ልጆቿን ነጻነት የሚገልጽ ጽሑፍ በገዛ እጁ አዘጋጀ። ጽሑፉ እርሷ የእርሱ ባሪያ እንደነበረችና አሁን ነጻ እንደሚያወጣት ይናገራል። ይህ በሕግ ዓይን እውነት አልነበረም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነጻ ሰው ነበረችና። ነገር ግን ስፔናዊው ሹም የፈረንሳይን የ1794 ሕግ እንደማይቀበል፣ የአንድ ጌታ የግል ቃል ግን እንደሚቀበል ሁለቱም ያውቁ ነበር። ነጻነቷን ለማዳን መጀመሪያ ባሪያ መሆኗን የሚናገር ወረቀት ያስፈልጋት ነበር።

ሰውየው በ1804 ሳንቲያጎ ላይ ሞተ። እርሷ ያን የግል ወረቀት ይዛ በከተማዋ ወደነበሩት የፈረንሳይ ሹማምንት ቀረበችና በመዝገባቸው እንዲገለበጥላት አደረገች። በዚህ መንገድ የሞተ ሰው ማስታወሻ የነበረው ጽሑፍ ማኅተም ያለበት ሰነድ ሆነ። ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት የሰነድን ኃይል ከብዙ የተማሩ ሰዎች በተሻለ እንደ ተረዳችው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1809 የመባረሩ ትእዛዝ ሲመጣ ቤተሰቡ ተለያየ። እናቲቱ ወደ ሄይቲ ተመለሰች፤ አሥር ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ልጇ ግን ከክርስትና እናቷ ጋር ወደ ኒው ኦርሊንስ ተሳፈረች። ይህ የክርስትና ልጅነት ዝምድና በካቶሊኩ ሳን ዶማንግ የሥጋን ያህል የጸና ነበር፤ በእኛም አገር የክርስትና እናት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ልጂቱ በክርስትና እናቷ ቤት አድጋ በ1822 አንድ ነጻ አናጢ አገባች፤ የእርሱም እናት ከሳን ዶማንግ የተሰደደች ነበረች። ባልየው ቤት እየሠራ፣ ቦታ እየገዛና እየሸጠ ኑሯቸው ተደላደለ። ሆኖም በ1830ዎቹ በነጻ ጥቁሮችና ክልሶች ላይ የሚወጡት ሕጎች እየከበዱ ሲሄዱ፣ በ1840 ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ፈረንሳይ ሄዱ።

ፈረንሳይ የተወለደው ልጃቸው በ1862፣ በአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ ወደ ኒው ኦርሊንስ ተመለሰ። በሰሜኑ ጦር ውስጥ አገለገለ፤ ከዚያም የሉዊዚያናን አዲስ ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ በ1867–68 ለተሰበሰበው ጉባኤ ተወካይ ሆኖ ተመረጠ። የ1868ቱ ሕገ መንግሥት ዜጎች ሁሉ እኩል የሲቪል፣ የፖለቲካና በአደባባይ የመገልገል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዤሬሚው ወረቀት እስከ ጉባኤው አዳራሽ 65 ዓመት አልሞላም።

ይህች እናት ተሳክቶላታል፤ ያልተሳካላቸው ብዙ ነበሩ። በሳን ዶማንግ ነጻ ወጥታ፣ በኩባ በኩል መጥታ፣ በኒው ኦርሊንስ በነጻነት ትኖር በነበረች ሌላ ሴትና በልጆቿ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ በቀድሞ ጌቶቿ ስም የባለቤትነት ጥያቄ አነሣ። ክርክሩ ለዓመታት ተጓትቶ በ1819 የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእርሷ ወሰነ። ውሳኔው የተደገፈው ለረጅም ዓመታት እንደ ነጻ ሰው በመኖሯ፣ ማለትም በይርጋ ላይ እንጂ ባርነት በሳን ዶማንግ በ1794 ቀርቷል በሚለው መሠረታዊ ሐቅ ላይ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ሐቁን ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ የ3,226ቱ ሰዎች ጉዳይ ሁሉ ይነሣ ነበር።

የጸናው

ከሁሉ በላይ የጸናው በሕግ ረገድ የተሠራው ነው። በካፕ ፍራንሴ የተወለደውና ከ1809 በፊት ኒው ኦርሊንስ የደረሰው ሉዊ ሞሮ-ሊስሌ የ1808ቱን የግዛቲቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስብስብ ካረቀቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር፤ በ1825ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝግጅትም ዋና ሚና ነበረው። የአሜሪካ ባለሥልጣናት የእንግሊዝን ልማዳዊ ሕግ ለማስገባት በሚገፉበት ወቅት፣ በፈረንሳይና በስፔን ሕግ የሠለጠነ ባለሙያ ተገኝቶ የነባሩን ሕግ በአንቀጽ ቀምሮ ማስቀመጡ ነገሩን ቆረጠው። ሉዊዚያና እስከ ዛሬ ከሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች በተለየ የፍትሐ ብሔር ሕግ ትመራለች። በፈረንሳዊ ምሁር አርቃቂነት የተዘጋጀው የእኛው የ1960 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም.) የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚያው የሕግ ቤተሰብ የሚመዘዝ በመሆኑ፣ የአገራችን የሕግ ተማሪ የሉዊዚያናን ሕግ ቢከፍት በውርስና በውል ምዕራፎች ባዕድነት አይሰማውም።

በመድረክ በኩል፣ ከሳን ዶማንግ የመጣው ጆን ዴቪስ የኦርሊንስ ቴአትርን በ1819 መልሶ አሠርቶ ከፈረንሳይ ዘፋኞችና ሙዚቀኞች እያስመጣ ያሠራ ነበር። የኦፔራ ቡድኑ ከ1827 ጀምሮ ወደ ኒው ዮርክና ፊላደልፊያ እየሄደ ያሳይ ስለነበር፣ የሰሜኑ አሜሪካ ሕዝብ ብዙ የፈረንሳይ ኦፔራዎችን መጀመሪያ የሰማው ከኒው ኦርሊንስ ቡድን ነው። በ1811 የተከፈተው የኦርሊንስ ኮሌጅም የመጀመሪያ ኃላፊው የሳን ዶማንግ ስደተኛ ነበር። ጋዜጣው ከዚህ ይቀድማል፤ በ1794 የታተመውን የሉዊዚያና የመጀመሪያ ጋዜጣ ያቋቋመው ከቀደመው የስደት ማዕበል ጋር የመጣ አታሚ ነበር።

ስኳሩን ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ የዕውቀትን ሽግግር በግልጽ የሚያሳይ፣ የሚያስከትለውንም ጉዳት የማይሸፍን ምሳሌ ነውና። በ1795 በኒው ኦርሊንስ አቅራቢያ ስኳር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ በሚበቃ መጠን ወደ ቅንጣትነት ተለወጠ። እርሻው የአገሬው ባለርስት ነበር፤ ከትልቁ ጋን ፊት ቆሞ የሚፈላው ጭማቂ የሚቀዳበትን ትክክለኛ ቅጽበት የሚለየው ግን ከሳን ዶማንግ የመጣ ስኳር አብሳይ ነበር። ትንሽ ቢቸኩል ጭማቂው ሽሮፕ ሆኖ ይቀራል፤ ትንሽ ቢዘገይ ያርራል። ይህ ዕውቀት ሉዊዚያናን የስኳር አገር አደረጋት፤ የስኳር አገር መሆኗም የባሮችን ቁጥርና ሞት አበዛ። ስደተኛ ያመጣው ዕውቀት ሁሉ በረከት ነው የሚል ሰው ይህን ጋን ማስታወስ ይኖርበታል።

በ1814 መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ኒው ኦርሊንስን ለመያዝ ሲመጣ፣ በሳን ዶማንግ በፈረንሳይ ሪፐብሊክ ጦር ውስጥ መኮንን የነበረው ጆሴፍ ሳቫሪ ከስደተኞቹ መካከል ሁለተኛውን የነጻ ጥቁሮችና ክልሶች ሻለቃ አሰባሰበ። በጃንዋሪ 8፣ 1815ቱ ውጊያ ተሰልፈው ከቀረው ጦር ጋር ከተማዋን አዳኑ። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ አገር ለቀው እንዲወጡ የታዘዙት እነዚሁ ወንዶች ነበሩ።

የሴቶቹ ድርሻ በሰነድ ጎልቶ የማይታይ በመሆኑ አንድ ምሳሌ ብቻ ላቅርብ። አፍሪካ ተወልዳ፣ በሳን ዶማንግ በባርነት ቆይታ፣ በኒው ኦርሊንስ ነጻና ባለ ንብረት ለመሆን የበቃች አንዲት መበለት በ1837 ስትሞት፣ በማሪኚ ሰፈር ያላትን ቦታና ቤት ለድሆች ነጻ የሙት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሆን ተናዝዛ ነበር። ኑዛዜው ለዓመታት ሳይፈጸም ቆየ። የሰፈሩ ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች ተከታትለው ትምህርት ቤቱን በ1848 ከፈቱት። እርሷ ራሷ አልተማረችም። በትምህርት ቤቱ ያስተማሩት ገጣሚዎችና ጸሐፊዎች፣ ያደጉበትም ልጆች፣ ከዚያ በኋላ በከተማዋ ለእኩልነት የተደረገው ትግል አንደበት ሆኑ። በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የባቡር ውስጥ ዘረኛ መለያየትን ባጸደቀበት ክስ አመልካች የነበረው የኒው ኦርሊንስ ጫማ ሠሪም የአባቱ አባት ከሳን ዶማንግ የመጣ ፈረንሳዊ ነበር።

ያልሠራው እና ያልተሳካው

የገዥው ትእዛዝ አልሠራም፤ ይህን ከላይ ተመልክተናል። የፈረንሳይኛ የበላይነትም አልዘለቀም። ስደተኞቹ የቋንቋውን ዕድሜ ቢያንስ በአንድ ትውልድ አራዝመውታል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ከ1830ዎቹ ጀምሮ ንግዱና አስተዳደሩ ወደ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እጅ እየገባ ሄደ፤ የኦርሊንስ ቴአትር በ1866 ተቃጠለ፤ በ1921 የወጣው የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ደግሞ ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ አዘዘ።

በስደተኞቹ በራሳቸው መካከል የነበረው መከፋፈልም አልተፈወሰም። ነጮቹ ክሪዮሎች ከነጻ ክልሶቹ ጋር ደም፣ ቋንቋና ቤተ ክርስቲያን ይጋሩ ነበር፤ ሕጉ ሲከብድ ግን አብዛኞቹ ከሕጉ ጎን ቆሙ። ከነጻ ጥቁሮችና ክልሶች መካከልም ባሪያ የነበራቸው ነበሩ። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ክሪዮል ባህል ውበት ብቻ መጻፍ ለመርከቡ የታችኛ ወለል ሰዎች ተገቢ አይደለም።

ስደተኞቹ ያላደረጉትን ለእነርሱ የመስጠት ልማድም አለ። በጃንዋሪ 1811 ከኒው ኦርሊንስ በላይ ባለው የወንዝ ዳርቻ የተነሣው ትልቅ የባሮች አመፅ መሪ ከሳን ዶማንግ የመጣ እንደ ነበር ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ ኖሯል፤ በኋላ የተመረመሩ ሰነዶች ግን እዚያው ሉዊዚያና የተወለደ መሆኑን ያመለክታሉ። ኮንጎ አደባባይ በተባለው ቦታ እሑድ እሑድ ይደረግ የነበረው የከበሮ ጭፈራም እንዲሁ ነው። በ1817 የከተማዋ ምክር ቤት የባሮችን ጭፈራ በእሑድና ከንቲባው በሚወስነው ቦታ ብቻ ገደበ፤ በ1819 በአደባባዩ በኩል ያለፈ አንድ አርክቴክትም ከበሮዎቹንና ክብ ሠርተው የሚጨፍሩትን ሰዎች በማስታወሻው ሥሏል። ከሳን ዶማንግ የመጡት ሰዎች ይህን እንዳጠናከሩት አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ጭፈራው ከእነርሱ በፊትም በከተማዋ ነበረ። ክፍሎቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ የተደረደሩት ጠባቡ የኒው ኦርሊንስ ቤት ከሄይቲ የመጣ ነው የሚለው ሐሳብም ደጋፊም ተቃዋሚም ያለው የምሁራን ክርክር ነው።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚጠቅሙ ነጥቦች

የመጀመሪያው ነጥብ የጊዜ ነገር ነው። ስደተኞቹ ያመጡት ነገር ቦታ ያገኘው የተቀባዩ ኅብረተሰብ ሕግ፣ ትምህርትና ቋንቋ ገና ባልረጋበት ዐሥር ዓመት ውስጥ በመድረሳቸው ነው። በዚያው ዘመን ከሳን ዶማንግ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ፊላደልፊያ፣ ባልቲሞርና ቻርልስተን ገብተዋል፤ እነዚያ ከተሞች ቋንቋቸውና ሕጋቸው የጸና ስለነበር ስደተኞቹን በሁለት ትውልድ ውጠዋቸዋል። ስለ አንድ የስደተኛ ወገን ተጽዕኖ የሚያጠና ሰው ከቁጥሩ በፊት የተቀባዩን ኅብረተሰብ ሁኔታ ቢመረምር ይሻላል።

ሁለተኛው ቁጥርን በጥቅል አለመቀበል ነው። ‹‹ዘጠኝ ሺህ ስደተኛ›› የሚለው ሐረግ ከሦስት አንድ የሚሆነው ሰው በሌላው ስደተኛ የተያዘ መሆኑን ይሸፍናል። መዝገቡ በጾታ፣ በዕድሜና በሕጋዊ ደረጃ ሲከፈል ግን ቋንቋውን፣ ጸሎቱንና የእጅ ሙያውን ለልጆች ያስተላለፈው ማን እንደ ነበር መጠየቅ ይቻላል። 428 ወንዶችና 1,377 ሴቶች ባሉበት ወገን መልሱ ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛው ስለ ዘላቂነት ነው፤ እዚህ ላይ የኒው ኦርሊንስና የኩባ ማስረጃ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ሕጉና ትምህርት ቤቱ የጸኑት ተጽፈው፣ ቦታና ገንዘብ ተመድቦላቸው ነው። ከበሮውና ጭፈራው ግን ያለ መዝገብ፣ ያለ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በክልከላ ሥር ተሻግረዋል። ስለዚህ ተቋም ያላገኘ ባህል ሁሉ ይጠፋል ብሎ መደምደም አይቻልም። የሚመስለኝ፣ በተቋም የሚኖር ባህል ተቋሙ ሲቃጠል ወይም ሲዘጋ አብሮ የሚወድቅ ሲሆን፣ በሰዎች ስብሰባ የሚኖረው ግን ሰዎቹ መሰብሰብ እስከ ቻሉ ድረስ የሚዘልቅ መሆኑ ነው። የኒው ኦርሊንስ ምክር ቤት በ1817 ለጭፈራው ቀንና ቦታ ሲወስን ሐሳቡ ለመቆጣጠር ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ድንጋጌ ለጨፋሪዎቹ በየሳምንቱ የሚገናኙበት የታወቀ አደባባይ ሰጣቸው።

አራተኛው ስለ ማስረጃ ነው። የዤሬሚዋን እናት ታሪክ ዛሬ ማወቅ የተቻለው አጥኚዎች በኩባ፣ በኒው ኦርሊንስና በፈረንሳይ መዛግብት ውስጥ የተበተኑትን የጥምቀት መዝገብ፣ የጋብቻ ውልና የነጻነት ወረቀት አንዱን ከአንዱ እያገጣጠሙ ስላነበቡ ነው። በአንድ ከተማ መዝገብ ብቻ የሚሠራ አጥኚ በ1809 አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከክርስትና እናቷ ጋር ስትወርድ ያያል እንጂ ከየት እንደ መጣች አያውቅም። ተሰዳጅ ሕዝብ ሰነዱ እንደ ራሱ የተበተነ ነው፤ የሚጠናውም ያለፈባቸው ወደቦች መዛግብት ሁሉ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።